ባትሪ የሌለው የድሮ ላይት ሜትር፦ ስሙ ምንድነው? ይጠገናልስ?

የአራት ኪሎው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ አንድ የድሮ ላይት ሜትር፣ ማለትም ለፎቶ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ነው።

የአክስቴ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የፎቶ ቤቱ ዕቃ በካርቶን ታስሮ አክስቴ ጓዳ ገባ። ሰሞኑን «አንተ ካሜራ ትወድ የለ? የሚረባህን ውሰድ፣ የቀረውን ለቆራሌው እሸጠዋለሁ» አለችኝ። አብዛኛው የደረቀ ኬሚካልና የተሰነጠቀ የማጠቢያ ሳህን ነው። ከሥር ግን በቆዳ ከረጢት ውስጥ ይሄ ዕቃ ወጣ።

ፎቶ መጫን እምቢ ስላለኝ በቃል ልግለጸው። መዳፍ ውስጥ ልክ ይገባል። ጥቁር ነው፤ ለትንሽነቱ ደግሞ ከበድ ይላል። ፊት ለፊቱ መስኮት አለው፣ ውስጡ መርፌ። ከመስኮቱ ሥር የሚሽከረከር ክብ አለ፤ የሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እና የዲያፍራም (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ቁጥሮች ታጭቀውበታል። በቁጥሮቹ መሀል የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፦ ዩ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኦ። ጀርባው ላይ እንደ ማር እንጀራ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ መስታወት አለ። በመስታወቱ ላይ ደግሞ በቀዳዳ የተሞላ ክዳን ተገጥሟል። ክዳኑ ሲከፈት መስኮቱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ራሳቸው ይቀየራሉ! ይሄን ካየሁ ወዲህ ሥራ ፈትቼ ስከፍት ስዘጋ ነው የምውለው።

ስሙ የተጻፈበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቶበታል። ዕቃው እንዳይጠፋ ምልክት ያደረጉበት ይመስለኛል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ባትሪ ማስገቢያ ፈልጌ አጣሁ። መርፌው ይንቀሳቀሳል፤ መሀል ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ነካ ነካ ሳደርገው ድንገት ዘሎ ይሄዳል። ጨለማ ውስጥም ዜሮ ላይ አይተኛም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ሳወጣው ደግሞ ከዲጂታል ካሜራዬ ጋር አይስማማም፤ ብርሃኑን አሳንሶ ነው የሚያየው።

ይሄ ነገር ምንድነው? ይጠገናል ወይ? እዚህ መሀል ከተማ እንዲህ ያለውን ማን ይነካዋል? ስልክ ላይ በነጻ የሚሠራ አፕ እንዳለ አውቃለሁ። «እሱን ጫን» የሚል መልስ አልፈልግም።

ሚኪ ዲጂታል፦

ብሮ ባትሪው አልቆ ነው። ክፈተው፣ ውስጡ ክብ ባትሪ ታገኛለህ። ካልሆነ አፑን ጫን ሃሃሃ።

ጨለማ ክፍል፦

እንዳትከፍተው! ቢያንስ ይሄን ሳታነብ።

ሳላየው ስሙን ልንገርህ። ዌስተን ማስተር ነው። ቀዳዳ ያለው ክዳን፣ ራሱን የሚቀይር ሰሌዳ፣ ከዚያ ዩ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኦ። ሌላ ሊሆን አይችልም። በደርግ ጊዜ ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ፎቶ ቤት ስቀጠር ባለቤቱ ይሄንኑ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚውለው። እኛ ረዳቶቹ ወለል እንጠርጋለን፣ ፊልም እናጥባለን፤ ዌስተኑን ግን መንካት ክልክል ነው። ምሳ ሲበላ እንኳ አያወልቀውም።

የትኛው ማስተር እንደሆነ ለማወቅ ቀዩን ቀለም ማንሳት አለብህ። በአሴቶን እንዳትሞክረው፤ አሴቶን ከቀለሙ ጋር ጽሑፉንም ፕላስቲኩንም ይዞት ይሄዳል። በጥፍርህ ወይም በስቴኪኒ ቀስ እያልክ ላጠው። ከሥሩ የሞዴል ቁጥር ይኖራል። 715 ከሆነ የመጀመሪያው ማስተር ነው፣ በ1939 የወጣው። 735 ከሆነ ማስተር ሁለት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የመጣው። 737 ከሆነ ማስተር ሦስት፣ የ1950ዎቹ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ኒዋርክ የሚል ካገኘህ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ የተሠራ ነው። ኤንፊልድ የሚል ከሆነ እንግሊዝ። ካምፓኒውን በ1888 የመሠረተው ኤድዋርድ ዌስተን የኤሌክትሪክ ሰው ነው፤ ሞክሼው ታዋቂ ፎቶግራፈር ሌላ ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱን የሚያቀላቅል ስለማይጠፋ ነው ይሄን ማለቴ።

ሚኪ፣ ባትሪ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ከዚያ መስታወት ሥር ሴሌኒየም የተቀባ ብረት አለ፤ ሴል የሚባለው እሱ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያቺ ኤሌክትሪክ በማግኔት መሀል በተንጠለጠለች ቀጭን ጥቅል ሽቦ ታልፋለች፤ ሽቦዋ ትዞራለች፤ መርፌው የተሰካው እሷ ላይ ነው። ወደ ዜሮ የምትመልሳት ፀጉር የምታክል ሞላ ናት። መሣሪያው በቃ ይኸው ነው። ክዳኑ ለኃይለኛ ብርሃን ነው፤ በቀዳዳዎቹ ጥቂቱን ብቻ ያሳልፋል። ቤት ውስጥ ወይም ሲመሽ ትከፍተዋለህ። ፀሐይ ላይ ከፍተህ አታዙረው፣ መርፌው ከጫፉ ጋር ይላተማል።

አሁን ወደ በሽታው። መርፌው ስለሚቆመው፦ መጀመሪያ መስኮቱ ላይ እህ ብለህ ተንፍስበት። እርጥበቱ ሳይደርቅ መርፌው ከተላቀቀ ጉዳዩ ስታቲክ ነው። መስኮቱ ፕላስቲክ ሲሆንና በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና መርፌውን ወደ ራሱ ይስባል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ባደረግክበት ጨርቅ ጥረገው፣ ይለቀዋል። በትንፋሽ ካልተላቀቀ ግን ማግኔቱ ጋ የብረት ብናኝ ገብቷል። እሱ የሰዓት ሰሪ ሥራ ነው። የአንተ አይደለም፣ የእኔም አይደለም።

ዜሮው ቀላል ነው። የዜሮ ማስተካከያ ትንሽ ብሎን አለችው። ሜትሩን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነህ በቀጭን ካቻቪቴ እጅግ በትንሹ ታዞራታለህ። ግን መጀመሪያ መቆሙ ይስተካከል፤ የተጣበቀ መርፌ ዜሮ አይደረግም።

አሳንሶ ማየቱ ነው ዋናው። የሴሌኒየም ጠላቱ እርጥበትና ሙቀት ነው። ዕድሜ ብቻውን አይገድለውም። በከረጢቱ መቆየቱ በጎ ነው፤ ጓዳው እርጥብ ከነበረ ግን እንጃ።

ቴስተር፦

ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የኤሌክትሪኩን ነገር ልጨምር።

መርፌው ያለበትን ክፍል በሙልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦም፣ ማለትም የመቋቋም መለኪያው ላይ አድርገህ እንዳትለካው። ሙልቲሜትር ኦም ላይ ሲሆን ራሱ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ አንድ ሚሊአምፔር ድረስ ሊሆን ይችላል። ይቺ መርፌ ደግሞ በማይክሮአምፔር የምትንቀሳቀስ ናት። አንዴ ጧ ብላ ጫፍ ከመታች ትታጠፋለች፣ ሲብስም ሽቦዋ ይቃጠላል። ሬድዮ በመጠገን የታወቀ ልጅ እንዲህ አድርጎ ደህና ሜትር ሲገድል አይቻለሁ።

መለካት ካለብህ ሴሉን ብቻ ለይተህ፣ ሙልቲሜትሩን ማይክሮአምፔር ላይ አድርገህ ለካ። ፀሐይ ላይ ቁጥር ሰጥቶህ በእጅህ ስትጋርደው ከወረደ ሕያው ነው። ምንም ባያሳይም ተስፋ አትቁረጥ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሴሉ ሳይሆን ግንኙነቱ ነው። የሴሉን ጠርዝ ተጭኖ የሚይዝ ብረት አለ፤ ይዝጋል፣ አረንጓዴ ነገር ያወጣል። እሱን በእርሳስ ላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርገው። ሴሉን ራሱን ግን አትፋቀው። ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ብረት በጣም ስስ ነው። ሴሌኒየምም መርዝነት ስላለው ብናኙ ወደ አፍንጫህ ባይገባ ይሻላል።

ደግሞ ሴሉ ላይ ሽቦ ልበይድ እንዳትል። ሴሌኒየም 220 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የእኔ መበየጃ 350 ላይ ነው የሚሠራው። ሒሳቡን አንተው ሥራው።

ሴሉ የምር ሞቶ ከሆነ ከአሮጌ ካልኩሌተር ላይ የምትነቀል የፀሐይ ሴል ትሞከራለች። አሞርፈስ ሲሊከን ናት፤ የምታየው ብርሃን ዓይናችን ለሚያየው ይቀርባል። የጣሪያው ሶላር ዓይነት ግን ኢንፍራሬዱንም ስለሚቆጥር አምፖል ሥር ጉድ ይሠራሃል። የላይት ሜትር አምራቹ ሴኮኒክም ኤል-398ኤ በሚለው ሜትሩ ላይ ሴሌኒየሙን ትቶ አሞርፈስ ሲሊከን ነው ያስገባው። ሴል ከተቀየረ በኋላ ግን ቁጥሮቹን ማስማማት ራስ ምታት ነው፤ ሌላው ሁሉ አልሆን ካለ ብቻ ግባበት።

ሚኪ ዲጂታል፦

ለአንድ ፎቶ ይሄ ሁሉ? እናንተ ዜሮ እስክታደርጉ እኔ ሠርጉን አንስቼ፣ ኤዲት አድርጌ፣ ቀሪ ሒሳቤን ተቀብዬ ነበር።

የአራት ኪሎው፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቴስተርም ተባረክ። ሚኪ፣ ቀሪ ሒሳብህን ከተቀበልክ ቡና ጋብዘን።

735 ነው! ቀለሙ በስቴኪኒ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ ማስተር ሁለት፣ ሞዴል 735፣ ኒዋርክ ይላል። እንዲያውም ቀለሙ ጽሑፉን ጠብቆታል፤ ሌላው ቦታ ላይ ያለው በጣት ብዛት ደብዝዟል።

ትንፋሹን ሞከርኩ፣ መርፌው ወይ ፍንክች። ስለዚህ ፒያሳ አንድ ሰዓት ሰሪ ጋ ወሰድኩት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ መስታወት ሳጥናቸውን በረንዳ ላይ ዘርግተው የሚሠሩ። ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ ሰዓት አይደለም» አሉኝ።

«አዎ፣ ብርሃን መለኪያ ነው።»

«ብርሃን ይለካል እንዴ?»

ወደ ሰማይ አዙሬ ክዳኑን ስከፍትላቸው መርፌው ዘለለ። ከዚያ በኋላ ከእጃቸው ማስጣል አልተቻለም። አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ፤ እያንዳንዷን በወጣችበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደረደሩ። ብረት ወረንጦውን ወደ ጎን አድርገው የነሐሱን አነሡ። ለምን ስላቸው «ማግኔቱ ይስበውና ከሞላዋ ጋር ያላትመኛል» አሉ። የስቴኪኒ ጫፍ ላይ ፕላስተር ጠቅልለው፣ ማጣበቂያውን ወደ ውጭ አድርገው፣ በማግኔቱና በሽቦው መሀል ባለችው ክፍተት ቀስ ብለው አሳለፉት። ሲያወጡት ጫፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች። በዓይን ለማየት የምታስቸግር። ያቺ ናት መርፌውን ስታቆመው የኖረች። ዜሮውንም እዚያው አስተካከሉልኝ። ቴስተር፣ የሴሉን ጠርዝም አሳይቼህ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ዝገት የለውም፣ ንጹሕ ነው።

አሁን መርፌው ከጫፍ ጫፍ ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ማሳነሱ ግን አለ። ከፖስታ ቤት በላይ ቆሜ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ስለካ አንዴ አንድ ስቶፕ፣ አንዴ ሁለት ስቶፕ ከካሜራዬ ያንሳል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)። የክቡን የፊልም ቁጥር (ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ስሜት እንዳለው የሚናገረውን) 100 ላይ አድርጌ፣ ካሜራዬም 100 ላይ ሆኖ ማለት ነው። ወጥ ቢሆን እሺ ነበር። መለዋወጡ ነው ግራ ያጋባኝ። ሴሉ ነው?

ጨለማ ክፍል፦

ሰዓት ሰሪው እጃቸው ይባረክ።

ሴሉን ከመክሰስህ በፊት የለካኸውን ነገር ተመልከት። መንገድ ላይ ቆመህ ሰማይም አስፋልትም ሕንፃም አብረህ ለክተሃል። ዌስተኑ ሰፊ ነው የሚያየው። ካሜራህ ደግሞ በተገጠመለት ሌንስ ልክ ነው የሚያየው። ሁለቱ አንድ ነገር እያዩ አይደለም፣ እንዴት ይስማሙ? ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ፈልግ። በዚህ ከተማ እሱ አይጠፋም። ግራጫ ነው፣ ወጥ ነው። ሁለቱም ከግድግዳው ሌላ ምንም እስከማያዩ ድረስ ተጠጋ፤ የራስህ ጥላ ግን አይግባበት። አንዴ ፀሐይ ያረፈበትን፣ አንዴ ጥላ ያለበትን፣ አንዴ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ያለ ግድግዳ ለካ። ልዩነቱ ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ ሜትሩ ጤነኛ ነው፤ ደከም ብሏል እንጂ። ፀሐይ ላይ አንድ፣ ጥላ ላይ ሦስት ካለህ ግን ሴሉ ሄዷል።

ሌላ የምነግርህ አለ። በማስተር ሁለት ክብ ላይ ያሉት የፊልም ቁጥሮች የዛሬው አይ.ኤስ.ኦ. አይደሉም። የዌስተን የራሱ ቁጥሮች ናቸው፤ አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ዝቅ ይላሉ። የዛሬው 100 እዚያ ላይ 80 ነው። 200 ደግሞ 160፣ 400 ደግሞ 320። ማስተር ሦስት ሲመጣ ነው ከሌላው ዓለም ቁጥር ጋር የተስማማው። ስለዚህ 100 ላይ አድርገህ ስትለካ ሜትሩን ሳታውቀው በአንድ ሦስተኛ ረድተኸዋል። እውነተኛው ድካሙ ካየኸው ትንሽ ይበልጣል። 80 ላይ አድርገህ እንደገና ለካ።

ፀሐይንም ምስክር ማድረግ ትችላለህ። ጥርት ባለ ቀን ዲያፍራሙ ኤፍ 16 ላይ ሲሆን የሸተሩ ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር እኩል ነው፦ 100 ፊልም ከሆነ አንድ መቶኛ ሰከንድ፣ ካሜራህ ላይ 125 የሚለው። ግን በስድስት ሰዓት ቀትር ግድግዳ ላይ አትሞክረው። እኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ ሚያዝያ ላይማ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። የቆመ ግድግዳን በጎን ነካ አድርጋው ነው የምታልፈው፣ ስለዚህ ሜትሩ ቢያሳንስ እውነቱን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ፣ ወይም ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ ፈልግ።

የአራት ኪሎው፦

ጋሼ፣ ጨረስኩ። ሰፈሬ የብሎኬት አጥር ሞልቷል። ሰው ሁሉ «መሬት እየለካ ነው» ብሎ ሲያየኝ ነበር፤ አንዷ እናት ቀርበው አጥራቸው ይፈርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይዞት ብያለሁ።

80 ላይ አድርጌ ፀሐይም፣ ጥላም፣ መስኮት አጠገብም ለካሁ። ሦስቱም ቦታ አንድ ስቶፕ ያሳንሳል። ከዚያ ያለፈ ልዩነት አላየሁም።

ሚኪ ዲጂታል፦

ስለዚህ የፊልሙን ቁጥር በግማሽ ዝቅ አድርገው፣ አለቀ። (አሁንማ ገብቼበታለሁ።)

ጨለማ ክፍል፦

እንኳን ደህና ገባህ ሚኪ፣ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሜትሩ ብርሃኑ ያነሰ ስለሚመስለው «ብዙ አስገባ» ይልሃል። ቁጥሩን ዝቅ ካደረግክ ጭራሽ ሁለት ስቶፕ ይበዛል። ከፍ ነው የሚደረገው። ለ100 ፊልም በዌስተን ቁጥር 80 ነበር፤ እጥፍ አድርገህ 160 ላይ ትተወዋለህ። በቃ፣ ሴል መቀየር የለ፣ መበየድ የለ። ኔጋቲቭ ፊልም አንድ ስቶፕ ቢበዛበት ብዙም አይከፋውም፤ ስላይድ ፊልም ግን ይቅር አይልም።

ስትጠቀምበት ደግሞ ይሄን አስብ። ሜትሩ ያየውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ጥምቀት ላይ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ብትለካ ያንን ሁሉ ነጭ ወደ ግራጫ ያወርደዋል፤ ፊቱም አብሮ ይጠቁራል። የእኛ ፎቶ ቤት ባለቤት ሙሽራ ሲመጣ ቬሎውን ለክቶ አያውቅም። የራሱን መዳፍ በሙሽራዋ ፊት ትይዩ ብርሃኑ ላይ ይዘረጋል፣ እሱን ይለካል፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ ይከፍታል። የመዳፍ ቀለም ከሰው ሰው ያን ያህል ስለማይለያይ ነው። ክቡ ላይ ያለው ሲ ለዚህ ይመቻል፤ በዋናው ቀስት ፋንታ ሲን ስታገጥም ብርሃኑ እጥፍ ይሆንልሃል። ኤ ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ዩ እና ኦ ፊልሙ ሊሸከመው የሚችለው የጨለማና የብርሃን ዳርቻ ናቸው።

ካርቶኑ ውስጥ ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ካገኘህ እንዳትጥለው። ኢንቨርኮን ይባላል። መስታወቱ ላይ ይገጠምና ዕቃውን ሳይሆን በዕቃው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ትለካበታለህ። ያኔ ነጠላም ቬሎም አያሳስትህም።

ሊያ ፊልም፦

ጋሼ ይቅርታ፣ ጥያቄ ልቀላቅል። አባቴ ሶቪየት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ላይት ሜትር አለኝ፤ ፊደሉን የሚያነብ ሰው ሌኒንግራድ 4 ይላል ብሎኛል። እሱም ባትሪ ማስገቢያ የለውም። የፊልም ቁጥሮቹ ግን 65፣ 130፣ 250 ናቸው። እንዲህ ዓይነት ፊልም አለ እንዴ?

ጨለማ ክፍል፦

አለ የኔ ልጅ፣ ቁጥሩ ጎስት ስለሆነ ነው፤ የሶቪየቶቹ መለኪያ። 65 ማለት የዛሬው 80 ገደማ፣ 130 ማለት 160፣ 250 ማለት 320 ነው። በ1987 ነው ከዓለም አቀፉ ጋር ያስተካከሉት። ያንቺም ሴሌኒየም ነው፤ ስለዚህ የብሎኬቱን ፈተና ለሱም ስጪው። የቀረውን ፎቶውን አንሺና ለብቻው ጥያቄ ክፈቺ፤ እዚህ ከተቀላቀለ ነገ ሌኒንግራድ ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።